ለድባቴ የቻይና ባህላዊ መድኃኒት መሞከር ለምትፈልጉ፦ ከሐኪሙ ወንበር እስከ ሸክላው ድስት

የምኖረው ጓንግዡ ነው። ሙያዬ ፋርማሲ ነው፤ አዲስ አበባ ተምሬ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደዚህ መጣሁና እዚሁ ሥራ ያዝኩ። ዕቃ ሊጭኑ ከአዲስ አበባ፣ ከዱባይ፣ አንዳንዴም ከአሜሪካ የሚመጡ ወገኖቻችን ሲታመሙ ሆስፒታል ይዣቸው እገባለሁ፣ እተረጉምላቸዋለሁ። ድሮ የሚበዛው የወገብና የጨጓራ ሕመም ነበር። አሁን አሁን ግን "እንቅልፍ አጣሁ፤ ሰው ማየት አስጠላኝ፤ ሱቄን ከፍቼ መቀመጥ ራሱ ተራራ ሆነብኝ" የሚል ሰው በዝቷል። ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ሁሌም አንድ ነው፦ "ኪኒን አልፈልግም፣ የቻይኖቹን ቅጠል አስጽፊልኝ።"

ይህን የምጽፈው እንዲህ ለሚሉኝና እዚህ ባይመጡም ባሉበት ከተማ የቻይና ሐኪም ደጅ ለሚሄዱ ነው። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ቀለል ላለና መካከለኛ ለሆነ ድባቴ፣ በሐኪም እጅ፣ ከሌላው ሕክምና ጎን ለጎን ቢሞከር አልቃወምም። ለከባድ ድባቴ ብቻውን አይሆንም። ቅጠሉንም የምቀበለው ስሙ ወረቀት ላይ ተጽፎ ሁለቱም ሐኪሞች፣ የቻይናውም የዘመናዊውም፣ ያዩት እንደሆነ ብቻ ነው።

ይሠራል ወይ ለሚለው፣ ቻይና ውስጥ ብዙ ጥናት ተሠርቷል። አብዛኞቹ ግን ጥቂት ሰው ላይ የተሠሩ ናቸው፤ በብዙዎቹም ሕመምተኛውም ሐኪሙም የትኛው መድኃኒት እንደተሰጠ እያወቁ ነው፤ እንዲህ ያለ ጥናት ውጤቱን ያጋንናል። የወባው ኮአርተም መነሻው የቻይና ቅጠል ነው፤ ሳይንቲስቷ ቱ ዮዮ በፈረንጆቹ 2015 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው) ኖቤል የተሸለሙት በዚሁ ነው። ነገር ግን እዚያ የደረሰው ፈዋሹ ንጥረ ነገር ከቅጠሉ ተለይቶ ወጥቶ፣ መጠኑ ታውቆ፣ በሕመምተኞች ላይ በጥንቃቄ ተፈትኖ ነው። የድባቴዎቹ ቅጠሎች ገና እዚያ አልደረሱም።

ከመሄዳችሁ በፊት

ፒኤችኪው 9 (PHQ-9) የሚባለውን የድባቴ መጠይቅ ሙሉ። በአማርኛ ተዘጋጅቶ አገር ቤት በሕመምተኞች ላይ ተፈትሿል። ዘጠኝ ጥያቄ ነው፤ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስለነበራችሁ እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎት፣ ድካም፣ ተስፋ መቁረጥ ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ትሰጣላችሁ፤ ድምሩ ቢበዛ 27 ነው። 10 ከሞላ ሐኪም ያስፈልጋችኋል፤ 20 ከደረሰ ከባድ ነው። ቀኑንና ድምሩን ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ በኋላ ያስፈልገናል።

ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞትና ራስን ስለ መጉዳት ነው። እዚያ ላይ መልሳችሁ ከዜሮ ከዘለለ ቅጠሉ ይቆይ። ለምታምኑት ሰው ዛሬውኑ ንገሩና ሆስፒታል ሂዱ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ አማኑኤል አለ፤ ሌላ ቦታ ከሆናችሁ በቅርብ ያለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል። አሜሪካ 988፣ እንግሊዝ 116 123፣ እስራኤል 1201 ብትደውሉ የሚሰማችሁ ሰው ታገኛላችሁ። የሌለ ድምፅ ለሚሰማው፣ ምግብና ውሃ ላቆመ፣ በቅርብ ወልዳ ልጇን ማቀፍ ለከበዳት እናት፣ ወይም ቀደም ሲል ለቀናት ሳይተኛ በኃይል ተሞልቶ ገንዘብ ሲበትን ለነበረ ሰውም እንደዚሁ ነው፤ እነዚህ የአእምሮ ሐኪም ሥራ ናቸው። አፍራችሁ እንዳትቀሩ እለምናችኋለሁ።

የደም ምርመራም አስቀድሙ። የታይሮይድ መዛባትና የደም ማነስ ሰውን ልክ እንደ ድባቴ አድርገው ይጥላሉ፤ ታይሮይዷ የሰነፈ ሴት ዓመት ሙሉ ቅጠል ብትጠጣ አትድንም። እግረ መንገዳችሁንም የጉበትና የኩላሊት ምርመራ አሠሩ፤ ምክንያቱን ወደ ታች አመጣዋለሁ።

ሐኪሙ ፊት

ቻይና ውስጥ ከሆናችሁ ወደ ባህላዊ ሕክምና ሆስፒታል ሂዱ እንጂ መንገድ ዳር ቅጠል ወደሚሸጥ ሱቅ አትግቡ። እዚህ ጓንግዡ ያለው የባህላዊ ሕክምና ዩኒቨርሲቲ በ1956 መንግሥት ካቋቋማቸው ከመጀመሪያዎቹ አራት የሙያው ትምህርት ቤቶች አንዱ ነው። የሙያው ትልልቅ ሆስፒታሎች ውስጥ ላቦራቶሪውም፣ ሲቲ ስካኑም፣ የቅጠሉ መድኃኒት ቤትም በአንድ ግቢ ነው፤ ሐኪሙ ሁለቱንም ዓይነት መድኃኒት ያዝዛል። አሜሪካ ከሆናችሁ ሐኪሙ በግዛታችሁ ፈቃድ ያለው መሆኑን፣ ለቻይናው የመርፌ ሕክምና (አኩፓንክቸር) ብቻ ሳይሆን ለቅጠሉም የሠለጠነ ሰው መሆኑን ጠይቁ። መርፌ መውጋት የሚችል ሁሉ ቅጠል አያውቅም።

የምርመራው ዕለት ጠዋት ቡና አትጠጡ። ሐኪሙ ምላሳችሁን ያያል፤ ቀለሙን፣ ሽፋኑን፣ ጠርዙ ላይ የጥርስ ምልክት እንዳለ። ቡና ሽፋኑን ያቀልመዋል፣ የሚያየው ነገር ይጠፋበታል። ከዚያ እጃችሁን ትንሽ ትራስ ላይ ያስቀምጥና ሦስት ጣቱን የእጅ አንጓችሁ ላይ ያሳርፋል። ቀለል አድርጎ ይነካል፣ ቆይቶ ይጫናል፤ አንዱን ጣት አንስቶ ሌላውን ያጠብቃል። ግራውን ጨርሶ ወደ ቀኙ ይሄዳል። ዝም ነው የሚለው። ያኔ ወሬ አትጀምሩ፤ የኛ ሰው ዝምታው ከብዶት ስለ ዋጋ መጠየቅ ይጀምራል።

ጥያቄዎቹ ሊያስገርሟችሁ ይችላሉ። ስንት ሰዓት ትነቃላችሁ፣ አፋችሁ ይመራችኋል ወይ፣ ሰገራችሁ እንዴት ነው፣ ላብ በሌሊት ይመጣል ወይ፣ ሴት ከሆናችሁ የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ጡታችሁ ይወጠራል ወይ። ሁሉንም በእውነት መልሱ። ይሉኝታ የያዘው ሰው "ደህና ነኝ፣ ትንሽ እንቅልፍ ብቻ ነው" ብሎ ይወጣና ለእንቅልፍ ብቻ ይታዘዝለታል። "ደረቴን ያፍነኛል፣ ሳልተነፍስ የቆየሁ ይመስል ደጋግሜ በረጅሙ እተነፍሳለሁ" ብላችሁ ብትናገሩ ለዚያ ሙያ ትልቅ መረጃ ነው። ጉሮሮ ላይ የማይዋጥ የማይተፋ ነገር መተናነቁም እንደዚሁ። ጫት የሚቅም ሰው ጫቱን፣ አልኮል የሚጠጣም መጠጡን ይናገር፤ ሁለቱም ስሜትን ይጥላሉ። "የጉበት ቺ ታፍኗል" ቢላችሁ ደግሞ አትደንግጡ፤ ጉበታችሁ ታሟል ማለቱ አይደለም፣ በእነሱ አስተሳሰብ የሰውነት ኃይል መፍሰሱ ተገትቷል ማለቱ ነው።

የምትወስዱትን ኪኒን ሁሉ ከነካርቶኑ ይዛችሁ ግቡ። ስሙን በቃል መናገር አይበቃም።

ወረቀቱ ላይ የሚወጡት ስሞች

ለድባቴ በብዛት የሚታዘዘው ሺያኦ ያኦ ሳን ነው። በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የመንግሥት መድኃኒት ቤት ባዘጋጀው መጽሐፍ ውስጥ ያለ ቅመማ ነው፤ ከ800 ዓመት በላይ ሆኖታል። ስምንት ነገር አለው፦ ቻይ ሁ የሚባል ሥር፣ ዳንግ ጉዊ፣ ባይ ሻኦ የሚባለው የፒዮኒ ሥር፣ ባይ ጁ፣ በፓይን ዛፍ ሥር ላይ የሚበቅለው ፉ ሊንግ የሚባል የእንጉዳይ ዓይነት፣ ጋን ፃኦ ማለት የሊኮሪስ ሥር (ዓረብ አገር ያላችሁ ኢርቅ ሱስ የምትሉት)፣ ዝንጅብልና ናና። ንዴትና ቁጣ ለሚበዛበት፣ ፊቱን ለሚያቃጥለው ሰው ሁለት ቅጠል ይጨመርበትና "ጂያ ዌይ" ሺያኦ ያኦ ይባላል። ጉሮሮው ለሚተናነቀው ባን ሺያ ሆው ፖ ታንግ አለ። ያለ ምክንያት እንባ ለሚመጣበት ደግሞ ጋን ማይ ዳ ዛኦ ታንግ፤ ሊኮሪስ፣ ስንዴና የቁርቁራ ዘመድ የሆነው ቀይ የቻይና ቴምር ብቻ ናቸው። ሁለቱም የሐን ዘመን ሐኪም ከነበረው ከጃንግ ጆንግጂንግ የተወረሱ ናቸው፤ 1800 ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል። ስሞቹን የዘረዘርኩት ወረቀቱን ስታዩ እንድታውቁት ነው፤ ራሳችሁ እንድታዝዙት አይደለም። ሐኪሙ ከእነዚህ ተነስቶ ይቀንሳል፣ ይጨምራል፤ ባለሙያነቱ እዚያ ላይ ነው።

ኸ ኋን ፒ የሚል ስም ካያችሁ ደግሞ የዛፍ ልጣጭ ነው፤ ለሐዘንና ለእንቅልፍ ይታዘዛል። ዛፉ ከእኛው ሰሳ ጋር የአንድ ወገን ነው። ይህን የሰሙ አንድ እናት "እኛም ደጅ ሰሳ አለ፣ ልጄ ልጣጩን ትላክልኝ" ብለውኝ ነበር። አይሆንም። ወገኑ አንድ ቢሆንም ዛፉ ሌላ ነው፤ ልጣጩ ውስጥ ያለው ነገርም መጠኑም የተለየ ነው።

ሁለት ስም ግን ካያችሁ "ይህ ይውጣልኝ" በሉ። አንዱ ጁ ሻ ነው። ልብን ያረጋጋል፣ እንቅልፍ ያመጣል ተብሎ በጥንቱ ቅመማ የሚገባ ቀይ ማዕድን ነው፤ የሜርኩሪ ውሁድ ነው። በእንክብል ተዘጋጅተው በሚሸጡ አንዳንድ የማረጋጊያ መድኃኒቶች ውስጥ አለ፤ ከቻይና ውጭ በፖስታ የሚገዛ ሰው ሳያውቀው ሊወስደው ይችላል። ሌላው ኸ ሾው ዉ ነው፤ ለፀጉርና ለደም እየተባለ ይጨመራል፣ ጉበት ግን ሲጎዳ ተመዝግቧል።

ሌላ የማነሳው ኧ ጂያኦ ነው። የአህያ ቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣ ሙጫ ነው፤ ደም ይሞላል፣ የተረበሸ እንቅልፍ ይመልሳል ተብሎ ለሴቶች ይታዘዛል። ቢሾፍቱ ላይ የአህያ ቄራ ተከፍቶ በ2017 የተዘጋው፣ የአፍሪካ ኅብረትም በ2024 አዲስ አበባ ላይ የአህያ ቆዳ ንግድ እንዲቆም የወሰነው ለዚህ ቆዳ ነው። በእምነታችሁ የማትወስዱት ከሆነ፣ ጾምም ላይ ከሆናችሁ፣ "ከእንስሳ የወጣ ነገር አይግባበት" ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ። ሐኪሞቹ አይቀየሙም፤ ምትክ አላቸው።

አፈላሉ

መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ "ያፍሉልን?" ተብሎ ይጠየቃል። ለተጓዥ ይሄ ይሻላል። ሆስፒታሉ አፍልቶ በትንንሽ ላስቲክ አሽጎ ይሰጣል፤ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሲጠጣ ላስቲኩን ፍል ውሃ ውስጥ ነክሮ ማሞቅ ነው። በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄትም አለ፤ ለመንገድ የሚመቸው እሱ ነው።

ደረቁን ቅጠል ይዛችሁ ከሄዳችሁ፣ መድኃኒተኛው በመሳቢያዎቹ መካከል እየተዘዋወረ በትንሽ የእጅ ሚዛን መዝኖ የአንድ ቀኑን በአንድ ወረቀት ይጠቀልለዋል። አንድ ጥቅል ለአንድ ቀን ነው፤ ከሁለት ጥቅል አንስታችሁ አትቀላቅሉ።

ዕቃው ሸክላ ይሁን። ሸክላ ድስት ያላችሁ ታድላችኋል፤ ግን ወጥ የተሠራበት ቅባትና በርበሬ ስለሚይዝ ለዚህ ብቻ የሚሆን አዲስ ለዩ። ሸክላ ከጠፋ የማይዝግ ብረት ድስት ወይም የመስታወት ዕቃ ይሆናል። የአሉሚኒየም ብራድ፣ የብረት ምጣድና መዳብ አይሆኑም፤ ከቅጠሉ ጋር ይዋሐዳሉ።

ቅጠሉን አታሹት፣ በውሃ አታጥቡት። ድስቱ ውስጥ አድርጋችሁ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ከቅጠሉ በላይ ሁለት ሦስት ጣት ያህል እስኪያልፍ ሙሉትና ግማሽ ሰዓት ይዘፍዘፍ። ከዚያ በኃይለኛ እሳት እስኪንተከተክ፣ ከተንተከተከ በኋላ እሳቱን ቀንሳችሁ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ። ናናው ለብቻው ተጠቅልሎ ከተሰጣችሁ መጨረሻ ላይ አምስት ደቂቃ ሲቀር ጨምሩት፤ መዓዛው ነው መድኃኒቱ፣ ከመጀመሪያው ከገባ ተንኖ ያልቃል። አጥልሉት። በዚያው ቅጠል ላይ እንደገና ውሃ አድርጋችሁ 20 ደቂቃ አፍሉና አጥልሉ። የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ቀላቅላችሁ እኩል ክፈሉት፤ ግማሹ ለጠዋት፣ ግማሹ ለማታ፣ ምግብ ከተበላ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት በኋላ፣ ለብ እንዳለ። ካረረባችሁ ውሃ ጨምሮ ማዳን የለም፣ ይደፋ። ቤት አፍልታችሁት ያደረም አይጠጣ።

ይመራል። ስኳር አትጨምሩበት፤ ከጠጣችሁ በኋላ አንድ ቴምር አፋችሁ ውስጥ ጣል አድርጉ። ቡናችሁን ከመድኃኒቱ ቢያንስ በአንድ ሰዓት አርቁ። እንቅልፍ ካጣችሁ ደግሞ የማታውን ቡና ጭራሽ ተዉት፤ የሦስተኛውን በረካ እየጠጡ የእንቅልፍ ቅጠል ማፍላት ድካም ብቻ ነው።

ከኪኒን ጋር

ከሁሉም በላይ የምፈራው ይህን ነው። ሕመምተኛው ለድባቴ ፍሉኦክሰቲን ወይም ሰርትራሊን የሚባል ኪኒን ይወስዳል፤ ቅጠሉን ሲጀምር ኪኒኑን በራሱ ያቆማል። ጸበል የሚጠመቁ ሰዎቻችንም አንዳንዶቹ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ድንገት ሲቆም ማዞር፣ ጭንቅላት ውስጥ የኤሌክትሪክ ንዝረት የመሰለ ነገር፣ ብስጭት ይመጣል፤ ድባቴውም ከበፊቱ ብሶ ሊመለስ ይችላል። ኪኒኑ የሚቀነሰው በሰጣችሁ ሐኪም ነው፣ ቀስ በቀስ። ጸበሉም ጸሎቱም ኪኒኑን አይከለክሉም።

ሁለተኛው መደራረብ ነው። ሹ ጋን ጂዬ ዩ የሚባል ካፕሱል ቻይና ውስጥ ለቀላልና ለመካከለኛ ድባቴ ይሸጣል፤ "የቅጠል ነው" ስለሚባል ሰው ያለ ሥጋት ይገዛዋል። ዋና ንጥረ ነገሩ ፈረንጆች ሴንት ጆንስ ዎርት የሚሉት ቅጠል ነው። ይህ ቅጠል ከፍሉኦክሰቲንና ከሰርትራሊን ጋር ሲደረብ ሴሮቶኒን የሚባለው ስሜትን የሚያስተካክል የአንጎል ንጥረ ነገር ከልክ በላይ ሊጨምር ይችላል፦ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ትኩሳት፣ ተቅማጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ መቅበዝበዝ። እንዲህ ከሆናችሁ ድንገተኛ ክፍል ነው። በተጨማሪም ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገዋል። የወሊድ መቆጣጠሪያ የምትውጥ ሴት ሳታስበው ልትጸንስ ትችላለች፤ ለኤችአይቪ ዶሉቴግራቪር የሚወስድ ሰው የመድኃኒቱ መጠን ደሙ ውስጥ ይወርድበታል፤ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ዋርፋሪንም ይዳከማል።

ዳንግ ጉዊ ደግሞ ከዋርፋሪን ጋር ደም መፍሰስ ሊያመጣ ይችላል። ሊኮሪስ ለብዙ ቀን ሲወሰድ ደም ግፊት ይጨምራል፣ ፖታሲየም ያወርዳል፤ የግፊት ሰው፣ በተለይ ላሲክስ ወይም ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባሉትን ሽንት የሚያበዙ ኪኒኖች የሚውጥ፣ ያለ ክትትል አይጠጣው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ያለ ሐኪማቸው ምንም አይጀምሩ። ቀዶ ሕክምና የተቀጠረለትም ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ያቁም፤ ለሐኪሙም ይንገር።

"ቅጠል ምን ያደርጋል" የሚለኝን ሰው ኮሶን አስታውሰዋለሁ። ኮሶ መጠኑ ሲያልፍ ሰው እንደሚጎዳ እናቶቻችን ያለ ላቦራቶሪ ያውቁ ነበር። የጉበትና የኩላሊት ምርመራ አስቀድሙ ያልኩትም ለዚህ ነው፤ ከአንድ ወር በኋላ ድገሙት። ዓይናችሁ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንታችሁ ከጠቆረ፣ ሰውነታችሁን ካሳከካችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ወዲያው አቁሙና ታዩ።

ከማን እንደማትገዙ

አዳራሽ ሰብስቦ፣ አጨብጭቦ፣ አንዱን ካፕሱል ለስኳርም ለካንሰርም ለድባቴም ከሚሸጥ ሰው አትግዙ። ንጥረ ነገሩ ካልተጻፈበት አትግዙ። ባለሱቁ "ያው ነው፣ ተመሳሳይ ነው" ብሎ ሌላ ሥር ቢሰጣችሁ አትቀበሉ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብራስልስ ውስጥ ክብደት ለመቀነስ ከሚሰጥ ቅመማ ውስጥ ፋንግ ጂ የተባለው ሥር፣ የቻይንኛ ስሙ በሚቀራረብ አሪስቶሎኪያ በሚባል ሌላ ተክል ተተክቶ ከመቶ በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ኩላሊታቸው ተጎድቷል፤ ብዙዎቹም ኩላሊታቸውን እስከ ማጣት ደርሰዋል፤ ከእነሱ ውስጥ የሽንት ቧንቧ ካንሰር የያዛቸውም አሉ። የሁለት ስም መመሳሰል ነው ያን ያህል ሰው የጎዳው።

ወደ ዓረብ አገር የምትመለሱ ደግሞ ደረቅ ቅጠል በላስቲክ ቋጥራችሁ ሻንጣ ውስጥ አታስገቡ። የሆስፒታሉን ወረቀትና ደረሰኝ ያዙ፣ በፋብሪካ የታሸገውን ምረጡ። ሆድ ድርቀት አለብኝ ላለ ሰው ኹዎ ማ ሬን ይጨመርለታል፤ የካናቢስ ዘር ነው፣ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቁም። ሐኪሙን "ወደ ዱባይ ነው የምሄደው" በሉት፣ ይቀይረዋል።

ከአንድ ወር በኋላ

በየሁለት ሳምንቱ ፒኤችኪው 9ን እንደገና ሙሉና ከመጀመሪያው ድምር ጎን ጻፉት። የቻይና ሐኪም በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ምላስና የደም ሥር ምት አይቶ ወረቀቱን ይቀይራል፤ አንዱን ወረቀት ለወራት መድገም የሙያው ሥርዓት አይደለም፣ እናንተም አታድርጉት። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ድምሩ በግማሽ ከወረደ ጥሩ ነው፤ ከሐኪሙ ጋር እስከ መቼ እንደምትቀጥሉ ተነጋገሩ። ካልወረደ፣ ወይም ከወጣ፣ "ቅጠል ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው" በሚል ሌላ ሦስት ወር አትጠብቁ። ድምሮቹንና የቅጠሎቹን ስም የያዘውን ወረቀት ይዛችሁ ወደ አእምሮ ሐኪም ሂዱ። ወረቀቱ በቻይንኛ ብቻ ከሆነ መድኃኒት ቤቱ የላቲን ስማቸውን እንዲጽፍላችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቁ፤ አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን ያለው ሐኪም ሊያነበው የሚችለው እሱን ነው።